የኢሥቲት ደብተር፦ የካሩክን የቁማር ቃላት በአማርኛ ስመዘግብ

ቅዳሜ፣ መስከረም 24

የጨዋታ ቃላት ደብተሬ ሦስተኛ ክፍሉ ላይ ደረሰ። የመጀመሪያው ክፍል ገበጣ ነበር፤ ሁለተኛው የገና ጨዋታ። በእነዚያ ሁለቱ ግራ ሲገባኝ አባባን እጠይቅ ነበር። እሳቸውም ከዘራቸውን ገልብጠው ይዘው፣ ሳሎኑ መካከል ቆመው፣ ጥንጉ እንዴት እንደሚመታ ያሳዩኝ ነበር። ሦስተኛው ክፍል ከሩቅ አገር ይሁን ያልኩት እኔው ነኝ፤ አሁን ሳሎን ውስጥ የምጠይቀው ሰው የለም።

የመረጥኩት የካሩክን ቋንቋ ነው። ካሩኮች በሰሜን ምዕራብ ካሊፎርኒያ፣ በክላማት ወንዝ መካከለኛ ክፍል የሚኖሩ ነባር ሕዝብ ናቸው። «ካሩክ» ማለት «ከወንዙ ሽቅብ» ማለት ነው። ወደ ውቅያኖሱ አቅራቢያ የሚኖሩት ጎረቤቶቻቸው ዩሮኮች የሚታወቁበት ስምም ከዚሁ ቋንቋ የተወሰደ ነው፤ «ዩሩክ» ቁልቁል ነው። እኛ ላይ ቤት፣ ታች ቤት እንደምንለው መሆኑ ነው። ቋንቋው የተረጋገጠ የቅርብ ዘመድ የለውም፤ ሊቃውንት ሆካን ከሚሉት ሰፊ ቤተሰብ ጋር ለማዛመድ ሞክረዋል፤ ክርክሩ ግን አልተዘጋም።

ወደዚህ ቋንቋ የሳበኝ አንድ ቅጽል ስም ነው። ዊልያም ብራይት የሚባለው የቋንቋ ምሁር ገና ተማሪ ሳለ፣ በ1940ዎቹ መጨረሻ (እዚህ ደብተር ውስጥ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወደ ክላማት ሄዶ ሽማግሌዎቹን ቃል በቃል ሲጠይቅ ሰነበተ። እነሱም ስም አወጡለት፦ ኡህያናፓታንቫኒች፣ «ትንሹ ቃል ጠያቂ»። የሰዋስው መጽሐፉ በ1957 ወጣ፤ ከካሩክ ተወላጇ ከሱዛን ጌር ጋር ያዘጋጀው መዝገበ ቃላት ደግሞ በ2005። ዛሬ ካሊፎርኒያ የሚገኘው የበርክሊ ዩኒቨርሲቲ ቃላቱን ከነድምፅ ቅጂያቸው በኢንተርኔት አስቀምጧቸዋል። ቅጽል ስሙን በደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፍኩት፤ ከራሴ ስም በላይ።

እሑድ፣ መስከረም 25

ቀኑን ሙሉ ከፊደል ጋር ስታገል ዋልኩ። ደብተሩ በግዕዝ ፊደል ብቻ እንዲሆን ወስኛለሁ፤ ከጎኑ የላቲን ፊደል ካስቀመጥኩ አንባቢው ዓይኑን ወደዚያ ያዞርና የእኔ ድካም ጌጥ ይሆናል።

መልካሙ ነገር ካሩክ ከእኛ ብዙ አይጠይቅም። ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጰ፣ ጸ አያስፈልጉም። በ፣ ደ፣ ገ የሉም። ለ እንኳ የለም! አንድ ሙሉ ቋንቋ ያለ «ለ» እንዴት እንደሚኖር ለማሰብ ትንሽ ተቀመጥኩ፤ አማርኛ ያለ «ለ» ቢቀር ማንም ለማንም ምንም አይሰጥም ነበር። ከጉሮሮ በላይ የሚፋቀውን ድምፅ «ኸ» ወሰደው። በጉሮሮ የሚቆረጠው ለ«ዕ» ደረሰው።

ችግሩ ምላስ በጥርሶች መካከል ገብታ የምታወጣው ድምፅ ነው። ዐረብኛ የሚያውቁ ሦስትን «ሠላሣ» ብለው ሲቆጥሩ የሚሰሙት ዓይነት፤ የእኛ ፊደል ግን የለውም። «ት» ብል ሌላ ድምፅ ነው፤ «ስ» ብልም ሌላ ነው። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ መፍትሔው መጣልኝ፤ ሥራ ፈትተው የተቀመጡ ፊደሎች አሉን። ንጉሡ «ሠ» እና እሳቱ «ሰ» በአማርኛ ከተዋሐዱ ስንት ዘመን ሆናቸው! እናም በካሩክ ቃላት ውስጥ «ሠ» ያን ድምፅ እንዲወክል ሾምኩት። ከዚህ በኋላ በዚህ ደብተር «ኢሥቲት» የሚለውን ያነበበ ሰው በ«ሥ» ላይ ምላሱን ይንከስ።

አናባቢው ደግሞ አስደሰተኝ። አጭር አናባቢ ሦስት ብቻ ነው፦ ኢ፣ ኣ፣ ኡ። ረጅሙ አምስት ነው፤ ኤ እና ኦ ይጨመራሉ። ስለዚህ ኤ እና ኦ ሁልጊዜ ረጅም ናቸው፤ ምልክት አያስፈልጋቸውም። ለሦስቱ ብቻ፣ ሲረዝሙ፣ በእርሳስ ከላይ ሰረዝ አደርጋለሁ። የድምፁ ከፍታና ዝቅታ ግን ከእጄ አመለጠ። ተውኩት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 1

ዋናው ቃል ኢሥቲት ነው። ግስ ነው፤ በቀጫጭን እንጨቶች ቁማር መጫወት ማለት ነው። ጨዋታውን በእንግሊዝኛ የሚናገሩት የአካባቢው ሰዎች «የነባሮቹ ካርታ» በሚል ስም ይጠሩታል። ከወረቀት ካርታ ጋር ግን ዝምድና የለውም።

አጨዋወቱ እንዲህ ነው። በርካታ ቀጫጭን እንጨቶች አሉ። ከመካከላቸው አንዷ ወገቧ ላይ ጥቁር ቀለበት አላት። ተጫዋቹ በጀርባው በኩል በውዞ ለሁለት ይከፍላቸውና በሁለት እጁ ጨብጦ ያቀርባል። ባላጋራው ባለ ቀለበቷ በየትኛው እጅ እንዳለች ይገምታል። የያዘው ወገን ከበሮ ይመታል፣ ይዘፍናል። ገማቹ ሲስት አንድ መቁጠሪያ ይከፍላል፤ ሲያውቅ የመያዝ ተራው የእሱ ይሆናል። ጎረቤቶቻቸው ሁፓዎች 11 መቁጠሪያ ይጠቀማሉ፤ ሁሉንም የሰበሰበ ያሸንፋል።

በወረቀት ቁራጩ ላይ «ኢሥቲት» ብዬ ከፊት ለፊቱ «ቁማር ተጫወተ» ጻፍኩ። አባባ ከትከሻዬ ላይ አነበቡ።

«ይህን ደብተር ለልጆች ቤተ መጻሕፍት እሰጣለሁ አላልክም?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ታዲያ ቁማር ብለህ?»

ልክ ናቸው፤ ልክም አይደሉም። «ቁማር» ከዐረብኛ የመጣ ቃል ነው፤ ሲመጣም ከነኃጢአቱ ነው የመጣው። ቁማርተኛ የሚባል ሰው በአማርኛ ቤቱን የሸጠ፣ ልጆቹን ያስራበ ሰው ነው። ኢሥቲት ግን እንደዚያ ያለ ቃል አይደለም። በዚያ የወንዝ አገር ዕድል ዝም ብሎ የሚመጣ ነገር አልነበረም፤ ወንዶች ተራራ ወጥተው ለላብ ቤቱ (በእሳት ሙቀት ላብ ለሚወጣበት ቤት) ማገዶ እየሰበሰቡ፣ በላብ ቤቱ እየነጹ፣ ከምግብና ከሌላውም ነገር እየታቀቡ ሀብትንና ዕድልን የሚለምኑበት ሥርዓት ነበራቸው። ለጨዋታ የሚዘጋጅ ሰው የእኛን የጾመኛ ሰው እንጂ የቁማርተኛ ሰው መልክ የለውም።

«ቁማር ተጫወተ» የሚለውን ሰረዝኩት። «ዕጣ ተጣጣለ» አልኩ፤ አይሆንም፣ ዕጣ ላይ ማንም አይገምትም። «ተወራረደ» አልኩ፤ ውርርድ የመያዣው ስም ነው እንጂ የጨዋታው አይደለም። «ካርታ ተጫወተ» አልኩ፤ ይህም በእኛ አገር ሁለት ፍች አለው፤ «ካርታ አስይዞ ተበላ» ብል አንባቢው የቤት ይዞታ ማረጋገጫ ይመስለዋል።

ስቱዋርት ኩሊን በ1907 ባሳተመው፣ ከ800 ገጽ በላይ ባለው ስለ ሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ጨዋታዎች መጽሐፉ ላይ ጨዋታዎችን ሁሉ ለሁለት ከፍሏቸዋል፦ የዕድልና የቅልጥፍና። እንጨት መደበቅን በዕድል በኩል አስቀምጦታል። በጽሑፍ ላይ አሳማኝ ነው። ግን እስቲ ልሞክረው ብዬ እንጨት ፍለጋ ለመውጣት ወሰንኩ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

የቀርከሃ ዕቃ ከሚሠራ ሰው የተረፉ ስንጥሮች በነጻ አገኘሁ። ምን ልታደርግበት ነው አለኝ። ቁማር ልጫወትበት ብዬ እውነቱን ተናገርኩ፤ ሳቀና ሌላ እፍኝ ጨመረልኝ።

40 እንጨት ቆረጥኩ፤ ርዝመታቸው አንድ ስንዝር ገደማ። ምልክቱን በአንዷ ጫፍ ላይ ቀባሁ፤ ጫፍ ለመቀባት ይመቻል። ከዚያ ጨብጬ መስታወት ፊት ቆምኩ። ጥቁሩ ጫፍ ከጣቶቼ በላይ ወጥቶ አፈጠጠብኝ።

በየጽሑፉ ቀለበቱ «መካከል ላይ» መሆኑን አንብቤ ነበር፤ ለጌጥ መስሎኝ አልፌዋለሁ። መካከል ላይ የሆነው ጭብጥ የሚሸፍነው መካከሉን ስለሆነ ነው! ሁለቱ ጫፎች ከእጅ ውጭ ይታያሉ፣ ሁሉም አንድ ይመስላሉ፤ ምስጢሩ መዳፍ ውስጥ ነው። ይህን መዝገበ ቃላት አልነገረኝም፤ መስታወት ነገረኝ።

ሌላም ጥፋት፦ 40ው ለሁለት ሲከፈል ጭብጤ አልዘጋ አለ። እንጨቶቹ ወፍራም ናቸው። ከሹራብ መርፌ መቅጠን አለባቸው። እንደገና መፋቅ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

በቢላዋ ፋቅኩ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ። 31 ተረፉ፤ ዘጠኙ ተሰበሩ። አውራ ጣቴ ላይ ስንጥር ገብቶ የእህቴ ልጅ በመርፌ አወጣችልኝ።

ለቀለበቱ ምስማር አግዬ አተኮስኩ። ቆንጆ ሆነ፤ ጥቁር፣ ንጹሕ፣ የማይለቅ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

የእህቴ ልጅ ሰባት ጊዜ ያዘች፣ ሰባት ጊዜ አሸነፈችኝ። ስምንተኛው ላይ ተጠራጠርኩ። ዓይኗን ጨፍና በጀርባዋ በኩል ያችን እንጨት ለይታ አወጣችልኝ። «ጎድጓዳ ናት እኮ፣ ጋሼ» አለች። ምስማሩ የተኮሰው ቦታ ለጣት ይሰማል። ቀለበቷ የት እንዳለች የያዘው ሰው ማወቁ ነውር የለውም፤ ማወቅ አለበትም። ነገር ግን በጣቱ እየዳሰሰ ወደፈለገው እጅ ማሳለፍ ከቻለ ጨዋታው ሌላ ጨዋታ ነው። ተኩሱን ትቼ በቀለም ብቻ ሌላ ሠራሁ፤ የጥላሸትና የሙጫ ድብልቅ፣ ከደረቀ በኋላ እንደገና የተለሰለሰ።

የተተኮሰችውን እሷ ወሰደቻት። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ዛሬ በሥርዓቱ ተጫወትን። 11 ባቄላ መቁጠሪያ፤ መሬት ላይ ምንጣፍ፤ በአንድ ወገን እኔና የጎረቤት ልጅ፣ በሌላው የእህቴ ልጅና (ሊፈርዱ መጥተው የገቡት) አባባ።

የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት አሰልቺ ነበር። ጸጥታው ነው ያሰለቸን። በጸጥታ ሲበወዝ እንጨቶቹ ይንኮሻኮሻሉ፤ የት ብዙ እንደሄደ፣ እጅ መቼ እንደቆመ በጆሮ ይታወቃል። አባባ ባዶ ጀሪካን አስመጥተው በእርጋታ ይመቱ ጀመር። ወዲያው ሁሉ ነገር ተለወጠ። የያዘው ሰው እጅ ምቱን ይከተላል፤ ገማቹም ምቱን ይከተልና ስለ እንጨቱ ይረሳል። ከበሮው አጃቢ መስሎኝ ነበር፤ እሱም ይጫወታል።

ነጥቡም እንደጠበቅኩት አይደለም። ገምቶ ያገኘ ሰው መቁጠሪያ አይወስድም፤ መያዝን ብቻ ይወስዳል። ነጥብ የሚገባው ለያዘው ነው፤ የድሮው መረብ ኳስ ነጥብ ሰርቪስ ለያዘው ብቻ እንደነበረው ሁሉ። ስለዚህ ሁለቱም ወገን ጎበዝ ገማች ከሆነ ባቄላዎቹ አይነቃነቁም፣ እንጨቶቹ ብቻ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ። የመጀመሪያው ጨዋታ ከሰዓት በላይ ፈጀ። አሁን ኩሊን «ዕድል» ያለው ላይ ጥያቄ አለኝ፤ አባባ ሦስቴ ተከታትለው ያወቁብኝ የዕድል ጉዳይ ሳይሆን ቀለበቷ ባለችበት በኩል ትከሻዬን ዝቅ ስለማደርግ ነው። እሳቸው ናቸው የነገሩኝ፤ ከጨዋታው በኋላ እንጂ በፊት አይደለም።

አሁን ለደብተሩ የሚጠቅመው ነገር። ወደ ማብቂያው ላይ የእህቴ ልጅ ሁለት ጭብጧን ዘርግታ፣ ማንም ሳያስተምራት፣ «እንቆቅልሽ!» አለች። እኔም ሳላስብ «ምን አውቅልሽ» አልኩ። ስቼ ግራውን ጠቆምኩ። «አገር ስጠኝ!» አለች፤ አንድ ባቄላ ሰጠኋት። ከዚያ በኋላ ባቄላ መባሉ ቀረ። ጎንደር ተሰጠ፣ ጅማ ተሰጠ፣ ሐረር ተሰጠ። አባባ ምቱን ሳያቆሙ «አዲስ አበባን እንዳትሰጣት» ብለው አስጠነቀቁኝ።

ለካ በአማርኛም ደብቆ ማስገመትና ያላወቀውን ማስከፈል አንድ ላይ የሚሄዱበት ጨዋታ አለን! መያዣውም ትንሽ አይደለም፤ አገር ነው። ማንም ግን እንቆቅልሽን ቁማር ብሎት አያውቅም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ከትናንት ጀምሮ «ኢሥቲት፦ እንቆቅልሽ ተጫወተ» ብዬ ለመጻፍ ተፈትኜ ነበር። የቃሉን ጠረን ሁሉ ያወጣል፤ ቤተ መጻሕፍቱም ይቀበለዋል። ነገር ግን ዛሬ የመያዣውን ቃል ስሠራ ነገሩ ተበላሸብኝ።

ቃሉ ኢሽፑክ ነው፤ ገንዘብ። ዛሬ የብር ኖትንም ሳንቲምንም ይላል፤ ጥንት ግን የባሕር ዛጎል ነበር፤ እንደ ትንሽ የዝሆን ጥርስ ረዘም ብሎ ክፍት የሆነ ነጭ ዛጎል፣ ከሰሜን ጠረፍ በንግድ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ የሚመጣ። ዋጋው በርዝመቱ ነው። ወንዶች ክንዳቸው ላይ በንቅሳት መስመር አስምረው የክሩን ርዝመት ከጣት ጫፍ እስከ መስመሩ ይለኩበት ነበር። ገንዘብ ቤቱ ክንድ ነው ማለት ይቻላል። (ኢሽፑክ ላይ ያለው «ሽ» የመጣው ከ«ኢ» በኋላ ስለሆነ ነው፤ ከሌሎቹ አናባቢዎች በኋላ አብዛኛውን ጊዜ «ስ» ነው። ይህን ሕግ ካወቅኩ በኋላ የጻፍኳቸውን ስድስት ወረቀቶች አስተካከልኩ።) ከዛጎሉ ሌላ ፉራኽ አለ፤ የግንደ ቆርቁር ቀይ የራስ ቆብ። የክብር ልብስ የሚያጌጥበት ሀብት ነው።

እንዲህ ያለ ሀብት ነበር የሚያዘው። እውነተኛ ገንዘብ፣ እውነተኛ ጉዳት። ሰው ይበላል፣ ሰው ይበላበታል። እንቆቅልሽ ብዬ ከጻፍኩ ይህን ሁሉ ደብቄ የሕፃን ጨዋታ አደርገዋለሁ፤ የያዝኩትን ሳላሳይ ጭብጤን እንደማንሣት።

ቁጥሮቹን ለመቁጠሪያዎቹ ብዬ መዘገብኩ፦ ዪሣ፣ አኻክ፣ ኩይራክ፣ ፒሥ፣ ኢትሮፕ፤ አምስት። ስድስት ኢክሪቭኪህ። ሰባት ኻኪኒቭኪህ ነው፣ ስምንት ኩይራኪኒቭኪህ። ጆሮ ላለው ሰው «ሁለት» በሰባት ውስጥ፣ «ሦስት» በስምንት ውስጥ ተቀምጠዋል፤ የመጀመሪያው እጅ አልቆ ሁለተኛው እጅ ሲጀምር ጣቶቹ እንደገና ይቆጠራሉ። አሥር ኢትራህያር። ልጆቹ ባቄላ ሲቆጥሩ እስከ አምስት ይዘውታል።

እሑድ፣ ጥቅምት 23

አጭር ማስታወሻ። «ኢክሪቭ» መቀመጥ፣ መኖር ነው፤ «-ራም» ሲጨመርበት ኢክሪቭራም፣ ቤት። ኖረ፣ መኖሪያ። ኡህራም ደግሞ የትምባሆ ፒፓ ነው፤ ትምባሆው የሚቀመጥበት። እኛ ከፊት «መ-» ከኋላ «-ያ» አድርገን የምናጥረውን እነሱ ከኋላ ብቻ ይቋጥሩታል። ለዚህ ቅጥያ የተለየ ገጽ ሰጥቼዋለሁ።

የእህቴ ልጅ አንድ ቅሬታ አቀረበች። «ተጫወተ» ለምን? «ተጫወተች» ለምን አይሆንም? በካሩክ ግስ ፊት የሚገባው «ኡ-» ለእሱም ለእሷም አንድ ነው፤ ጾታ አይለይም። በአማርኛ መዝገበ ቃላት ግስ ሁሉ ወንድ ነው። መልስ አልነበረኝም፤ የደብተሩ መግቢያ ላይ ቅሬታዋን ጻፍኩት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29

ዘፈን ፓኩሪህ ነው። የጨዋታ ዘፈኖች ቅጂ ማግኘት ይቻላል፤ ሔለን ሮበርትስ በ1926 ከካሩኮች ዘፈን በድምፅ ስትቀዳ ነበር። ለልጆቹ አንዱን ላስተምር አሰብኩና ተውኩት። በዚያ አካባቢ የዕድልና የመድኃኒት ቃል የሰው ንብረት ነው፤ ይወረሳል፣ ይሸጣል፣ በሰው ስም ይታወቃል። እንጨቱን ስሠራ የሰውን እንጨት አልወሰድኩም። ዘፈን ግን እንደዚያ አይደለም። ፓኩሪህ የሚለውን ቃል ብቻ መዘገብኩ፤ እኛ በጀሪካኑ «እቴ አበባዬ»ን ዘፈንን፤ ሠርቷል፣ እንዲያውም አባባ በዚያ ምት ማንንም አያሳልፉም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ወረቀቱን ጨረስኩ። አባባ መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ኢሥቲት፦ ቁማር ተጫወተ (ተጫወተች)። በቀጫጭን እንጨቶች፤ አንዷ ወገቧ ላይ ጥቁር ቀለበት አላት። የያዘ ይደብቃል፣ ያልያዘ ይገምታል። ያላወቀ ይከፍላል፣ ያወቀ ይይዛል። ከበሮና ዘፈን ከያዘው ጋር ናቸው። ተጫዋቹ ዕድሉን አስቀድሞ ይሠራበታል። እንቆቅልሽን አስብ፤ ነገር ግን አገሩ የእውነት የሚሰጥ ቢሆን።»

«ቁማሩ አልወጣም» አሉ።

«አልወጣም፣ አባባ። ገንዘብ ይያዝበት ነበር።»

ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ «እንግዲያው ከቤተ መጻሕፍቱ ጋር እኔ እነጋገራለሁ» ብለው ወረቀቱን መለሱልኝ።

ቀጣዩ ቃል ኢምሣትቫ ነው፤ የዱላው ጨዋታ። በየወገኑ ሦስት ሰው፣ በጠፍር የታሰሩ ሁለት የእንጨት ቁራጮች፣ ዱላና ትግል። ያ ደግሞ ከገና ጨዋታ ጋር የሚተያይ ስለሆነ አባባ ከወዲሁ ከዘራቸውን አዘጋጅተዋል። ሳሎኑ አይበቃም፤ ሜዳ መፈለግ አለብኝ። ከእንጨቶቹ ደግሞ 30 ብቻ ቀርተዋል፤ ባለ ቀለበቷ አለች፣ የጠፋችው ከሌሎቹ አንዷ ናት። የእህቴ ልጅ ቦርሳ ውስጥ ያለችው የተተኮሰችው ስትሆን በቁጥር ውስጥ አላስገባኋትም።